ዘሩ ነው ወይስ አፈሩ? ከድሬዳዋ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ከባለቤቴ ጋር ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ግማሽ ሄክታር መሬት ይዘን 40 ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውሃ እናለማለን። ዘንድሮ የቀይ ሽንኩርት ችግኝ መደባችን ላይ የወጣው እዚህም እዚያም ብቻ ነው። በቆሎውን ሁለት ጊዜ ዘርተን ሲሶው እንኳን አልበቀለም። በቦዮቹ መካከል ያለው ጉብታ ጫፍ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ይታያል። የዘር ሻጩ ዘሩ ጤነኛ ነው ይላል። ጎረቤት ኖራ በትኚበት ይለኛል፣ ሌላው ዘሩን በጨው ውሃ ዘፍዝፊው ይለምዳል ይለኛል፣ የዶሮ ኩስ የሚለኝም አለ። ዘሩ ነው አፈሩ? ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ አብሽሪ፤ መሬቱ አልሞተም። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርሽ፣ ሽንኩርቱና በቆሎው የጠፉት በአንድ ምክንያት አይመስለኝም። ሁለቱንም በጨው ብናሳብብ አንዱን አድነን ሌላውን ለሦስተኛ ጊዜ እንቀብረዋለን።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳሽ። የአፈር ጨው የሚለካው ከጠገበ አፈር የሚወጣው ውሃ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍበት መጠን ነው። መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል፤ ከዚህ በታች ቁጥሩን ብቻ እጽፋለሁ። 4 ሲያልፍ አፈሩ ጨዋማ ይባላል። የሽንኩርት ዘር ከ5.6 እስከ 7.5 ባለ አፈር ውስጥ ግማሹ ሳይወጣ ይቀራል። የቲማቲም ዘር በ7.6፣ የማሽላ በ13 እንዲሁ ይሆናል። የበቆሎ ዘር ግን ግማሹ የሚቀረው ጨዉ ከ21 እስከ 24 ሲደርስ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል፤ በቆሎ ጨው አይችልም ሲባል ስለኖረ። እውነት ነው አይችልም፤ ግን የማይችለው ከበቀለ በኋላ ነው። ያደገ በቆሎ አፈሩ 1.7 ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፤ ማሽላ ግን እስከ 6.8 ድረስ ምርቱ አይነካም። ስለዚህ ከበቆሎሽ ሁለት ሦስተኛው ከመሬት አልወጣም ስትዪኝ፣ ወይ ጨዉ ከልክ በላይ የተከማቸበት ቦታ ላይ ዘርተሽዋል፣ ወይ ደግሞ ጨው ያልሆነ ሌላ ነገር አለ።

ይህን ከእኔ በተሻለ የሚነግርሽ የተቀበረው ዘር ራሱ ነው። ነገ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ማንኪያ ይዘሽ ውጪ። መኮትኮቻው ዘሩን ስለሚገለባብጠው ተዪው። ባዶ የቀረ ቦታ ምረጪና አፈሩን በስሱ እየገፈፍሽ ውረጂ፤ አስር ቦታ ላይ እንዲሁ አድርጊ። ያገኘሽውን ዘር በጥፍርሽ ጫን በዪው፤ መድኃኒት የተቀባ ሊሆን ስለሚችል አትንከሺው። እንደተዘራ ደረቅና ጠጣር ሆኖ ካገኘሽው ውሃ አልገባበትም ማለት ነው፤ አፈሩ ደርቆበታል ወይም ጨዉ ውሃውን ከልክሎታል። አብጦ ከለሰለሰና ከሸተተ ውሃ ገብቶበታል ግን ነፍስ አልነበረውም፤ አሮጌ ዘር ነው፣ ወይም ውሃ በላዩ ተኝቶበት ታፍኗል። በቅሎ ሥሩ ጫፉ ላይ እሳት እንደነካው ክር ቡናማ ሆኖ ከቆመ ማዳበሪያ ወይም ጨው አቃጥሎታል። በደንብ በቅሎ፣ ነጭ ቡቃያው ወደ ላይ ሄዶ ሄዶ ከላይኛው ደረቅ ቅርፊት ሥር እንደ መንጠቆ ተጣጥፎ ካገኘሽው ደግሞ ገዳዩ ቅርፊቱ ነው። ለበቆሎሽ እኔ የምጠረጥረው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ነው። ለሽንኩርቱ የመጀመሪያውን።

ሻጩ ስለ ዘሩ የሚለውን ለማረጋገጥም ክርክር አያስፈልግሽም። ሦስት ዝርግ ሳህን አዘጋጂ። በሁለቱ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አጥፈሽ አንጥፊ፤ አንዱን በዝናብ ውሃ ወይም በታሸገ ውሃ፣ ሌላውን በጉድጓድሽ ውሃ አርጥቢ። ሦስተኛው ላይ ከችግኝ መደብሽ የላይኛውን ሁለት ጣት አፈር አምጥተሽ አድርጊና በጉድጓዱ ውሃ አርጥቢው። በእያንዳንዱ ላይ 50 ዘር ቆጥረሽ አስቀምጪ፤ በሌላ ሳህን ክደኚ፤ ከፀሐይ ራቅ አድርገሽ በየቀኑ ሳይደርቅ ጠብቂው። በቆሎን በ7ኛው ቀን፣ ሽንኩርትን በ12ኛው ቀን ቁጠሪ። በዝናብ ውሃው ላይ ከ50ው 40 ያህል ካልበቀለ ጉዳዩ ዘሩ ነው፤ ሳህኑን ይዘሽ ለሻጩ አሳዪው። በዝናብ ውሃው በቅሎ በጉድጓዱ ውሃ ካነሰ ችግሩ ውሃው ላይ ነው። በሁለቱም በቅሎ አፈሩ ላይ ብቻ ካነሰ ደግሞ ውሃሽ ደህና ነው፤ ጨዉ የተከማቸው መደቡ ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ከሦስቱ ሁሉ ለማስተካከል የሚቀለው ነው። ስለ ሽንኩርት ዘር አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ከብዙ ዘሮች ቶሎ የሚያረጅ ነው። እንደ ድሬ ባለ ሙቀት ሱቅ ውስጥ ዓመት የከረመ የሽንኩርት ዘር መልኩ ሳይለወጥ ነፍሱ ሊወጣ ይችላል። ስትገዢ እሽጉ ላይ ያለውን ቀን ሳታዪ አትክፈዪ።

አሁን ወደ ነጩ ዱቄት ልምጣ። ቋንጣ ስታዘጋጂ ጨው የነካው ሥጋ ውሃውን ሲለቅ አይተሻል። ጨዋማ አፈር ውስጥ ያለ ዘርም እንዲሁ ከጨዉ ጋር ውሃ ይሻማል፤ እርጥበት በዙሪያው እያለ መጠጣት ያቅተዋል። ከዚያ አልፎ ሶዲየምና ክሎራይድ ወደ ውስጥ ሲገቡ ቡቃያውን ይመርዙታል። ዘሩ ግን የሚያውቀው የእርሻሽን አማካይ ጨው አይደለም። በመጀመሪያዎቹ አስር ቀናት የሚያውቀው በዙሪያው ያለውን ሁለት ሦስት ጣት አፈር ብቻ ነው። ጨው ደግሞ የሚሰበሰበው እዚያው ነው።

በቦይ ስታጠጪ ውሃው ከሁለቱም ቦይ ወደ ጉብታው መካከል ይሳባል፤ ጨዉን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ጫፍ ላይ ሲደርስ ፀሐይ ውሃውን ይወስደዋል፣ ጨዉ ይቀራል። በሚቀጥለው ማጠጫ ሌላ ይጨመርበታል። የጉብታው ጫፍ ላይ ያለው ጨው ከመሬቱ አማካይ አምስትና አስር እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ መሬቱ 3 ሆኖ ጫፉ 25 ቢሆን አይግረምሽ። በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚያገኝና ፀሐዩ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ውሃ በሚያተን አገር ይህን ጨው ወደ ታች የሚመልሰው ሰማይ ብቻውን አይደለም። ውሃሽ በዚሁ መለኪያ 2 ቢሆን በእያንዳንዱ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ 25 ግራም ገደማ ጨው አለ። ግማሽ ሄክታሩን አንድ ጊዜ በ10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ስታረኪው ከስድስት ኩንታል በላይ ጨው በቦይ አስገባሽ ማለት ነው። ስንት ጊዜ እንዳጠጣሽ አንቺው አስቢው።

እዚህ ላይ ስለ ድሬ ውሃ የሚነገር አንድ ስህተት ላርም። ጀበናችን ውስጡ ነጭ ቅርፊት ስለሚያበጅ፣ ሳሙናም አረፋ ስለማያወጣ ውሃችን ጨው ነው ሲባል እሰማለሁ። ያ ቅርፊት ካልሲየም ነው፤ ከኖራ ድንጋዩ የመጣ ነው። ካልሲየም ለዘርም ለአፈርም ወዳጅ ነው፤ የሶዲየምን ጉዳት እንኳን ያለዝባል። ዘር የሚጎዳው የጠቅላላው ጨው ብዛትና የሶዲየሙ ድርሻ ሲያይል ነው። ስለዚህ ከጀበናው ተነስተሽ ውሃሽን አትኮንኚው፤ አስለኪው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መጀመሪያ የሚለወጠው የምትዘሪበት ቦታ ነው። የጉብታው ጫፍ ላይ ከእንግዲህ ምንም ዘር እንዳታስቀምጪ። በጎኑ ላይ፣ ውሃው ቦዩ ውስጥ ሲቆም ከሚደርስበት መስመር በትንሹ ከፍ ብለሽ ዝሪ። እዚያ አፈሩ ሁልጊዜ በአዲስ ውሃ እየታጠበ ጨዉ አልፎ ወደ ጫፉ ይሄዳል። ከዚህም የተሻለው መደቡን ሰፋና ጠፍጠፍ አድርጎ፣ አንድ ሜትር ያህል፣ በሁለቱ ጎኖቹ ላይ ሁለት መስመር መዝራት ነው፤ ጨዉ መካከሉ ላይ ይሰበሰባል፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ማንም የለም። ውሃ ከሚያጥርሽ ቦዮቹን እያለፍሽ አንዱን ብቻ አጠጪ፤ ጨዉ ሁሉ ወደ ደረቁ ቦይ በኩል ይገፋል፤ ዘሩን በሚጠጣው ጎን አድርጊ። አንዱን ቦይ ዛሬ፣ ሌላውን በሚቀጥለው እያልሽ ከቀያየርሽ ግን ሥራው ሁሉ ይበላሻል፤ የገፋሽው ጨው ተመልሶ ዘሩ ላይ ይመጣል። ይህን ለውጥ ለማድረግ ከጉልበት በቀር ምንም ብር አያስወጣሽም።

ሁለተኛው ማጠብ ነው። ግማሽ ሄክታሩን በሙሉ እጠቢ አልልሽም፤ የናፍጣውን ዋጋ አውቃለሁ። የሽንኩርቱን ችግኝ መደብ ግን እጠቢ። አፈሩ ከጠገበ በኋላ ከ20 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ወደ ታች ካለፈ ጨዉ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ 20 ሳንቲ ሜትር ውሃ ካለፈ ከመቶ 80 ያህሉ ይሄዳል። አንድ ሜትር በአስር ሜትር የሆነ መደብ ዙሪያውን በትንሽ ክትር ከበሽ 100 ጀሪካን ውሃ ማለት ነው። አንዴ አታፍስሺው፤ በሦስት አራት ቀን ከፋፍለሽ፣ ማታ ማታ፣ በመካከሉ እንዲሰርግ ጊዜ እየሰጠሽ። በጉድጓዱ ውሃ ስታጥቢው አፈሩ ከውሃው የበለጠ ንጹሕ እንደማይሆን እወቂ። የክረምቱ ዝናብና ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ግን ከጉድጓድሽ እጅግ የጠራ ነው። በሐምሌና ነሐሴ መደቦችሽን በክትር ከበሽ ያ ውሃ እንዲተኛባቸው ብታደርጊ ጥቅምት ላይ የምትዘሪው በታጠበ አፈር ነው፤ ሙቀቱም ለሽንኩርት ብቅለት ያኔ ይሻላል። በግንቦትና ሰኔ ሙቀት የሽንኩርት ዘር ጨው ባይኖርም ይቸገራል።

በእናንተ ጉድጓድ ውሃው ጥልቅ ስለሆነ የሚታጠበው ጨው የሚሄድበት ቦታ አለው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። አዋሽ ሸለቆ፣ አሚባራ አካባቢ፣ ያለ ማፋሰሻ ብዙ ውሃ ሲለቀቅ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ወጥቶ ጨዉን ይዞት መጣ፤ ጥጥ ይታፈስበት የነበረ ማሳ ጨው ለብሶ ተትቷል። ቦታሽ ረግረግ የሚሆን ዝቅተኛ ጥግ ካለው እዚያ ላይ ውሃ አታብዢ።

አጠጣጡን በሚመለከት የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። በሥራ መጀመሪያዬ ዓመታት ድሬ ዙሪያ የቃሪያ ችግኝ መደብ በኃላፊነት ይዤ ነበር። ዘሩ እንዳይደርቅ ብዬ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ በመርጫ ጣሳ ላዩን ብቻ አረጥብ ነበር፤ እየተንከባከብኩት መስሎኝ። በዘጠነኛው ቀን መደቡ በረዶ የወረደበት መሰለ። በጣቴ ስጭረው ከላይ አንድ ጣት እርጥብ፣ ከሥሩ ደረቅ ነበር። ውሃው ወደ ታች የሚደርስ አልነበረም፤ ረጥቦ ሲደርቅ፣ ረጥቦ ሲደርቅ ጨዉን ከሥር እየጠራ ወደ ዘሩ አመጣው። ከዚያ ወዲህ ለማንም የምነግረው፣ ከመዝራትሽ በፊት ሥሩ ድረስ አጥግቢ፤ ከዘራሽ በኋላ ጠዋትና ማታ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ላዩ ፈጽሞ እንዳይደርቅ ጠብቂ። መደቡን በደረቅ ሣር ሸፍኚው፤ አገዳ ለከብት ስለሚፈለግ እሱን አልጠይቅሽም። ከፍየሎች ድርሻ የተረፈ የገራባ (የጫት ትርፍራፊ) እንጨትና ቅጠልም ቢሆን ፀሐዩን ይከላከላል። ቡቃያው መታየት በጀመረበት ማታ ሽፋኑን አንሺ፤ ሁለት ቀን ካዘገየሽ ችግኙ ቀጥኖ ይወድቃል።

ካፊያ ሲመጣም ተጠንቀቂ። ሰው ዝናብ ዘነበ ብሎ ፓምፑን ያጠፋል። ትንሽ ዝናብ ግን በጉብታው ጫፍ ያለውን ጨው ያሟሟና በጎኑ ወዳለው ቡቃያ ሥር ያወርደዋል፤ ከዚያ በላይ አይገፋውም። ከካፊያ በኋላ ቡቃያ በአንድ ቀን ሲጠወልግ ያየሽ እንደሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። ካፊያ ሲጥል ያኔውኑ ቦዩን ልቀቂ። ከባድ ዝናብ ከሆነ ግን ተዪው፣ እሱ ራሱ ያጥበዋል።

ዘር መዘፍዘፍን በተመለከተ ጎረቤትሽ ግማሹን እውነት ነግሮሻል። መዘፍዘፍ ይሠራል። ብቅል ያበቀለች ሴት ሁሉ ይህን ታውቀዋለች፤ ገብሱ ውሃውን ጠጥቶ ሲጠግብ ከዚያ በኋላ የሚቸኩለው ራሱ ነው። ዘሩ ከዘፈዘፍሽው በኋላ የሚጠጣውን ውሃ ጨዋማው አፈር ውስጥ ሳይሆን ባልዲ ውስጥ ጠጥቶ ይጨርሳል፤ አፈር ውስጥ የሚቆይበት አደገኛ ጊዜ ያጥራል። ልዩነቱ ብቅል ላይ ሥሩ ብቅ እስኪል መጠበቅሽ፣ እዚህ ግን ከዚያ በፊት ማቆምሽ ነው። ሥሩ ብቅ ካለ ለመዝራት ዘግይተሻል። በቆሎ ከ12 እስከ 18 ሰዓት፣ ማሽላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበቃቸዋል። ማታ 12 ሰዓት የዘፈዘፍሽውን በቆሎ ጠዋት 12 ሰዓት አውጪው፤ ማሽላውን ማታ 4 ሰዓት ዘፍዝፈሽ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ። የሽንኩርት ዘርም ሌሊቱን ቢያድር ይበቃዋል። የዝናብ ውሃ ወይም የታሸገ ውሃ ተጠቀሚ፤ ለዘር የሚበቃው ትንሽ ነው። ከዚያ ጥላ ላይ ሰሌን አንጥፈሽ እርስ በርሱ መጣበቁ እስኪቀር ብቻ አናፍሺውና በዚያው ቀን እርጥብ አፈር ላይ ዝሪው። ደረቅ አፈር ላይ ከዘራሽው ካልዘፈዘፍሽው የባሰ ይጎዳል፤ ተነሥቷልና ተመልሶ መተኛት አይችልም።

ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር ፀረ ፈንገስ መድኃኒት አለበት፤ እሱን አትዘፍዝፊው። መድኃኒቱ ይታጠባል፣ ውሃውም ለዶሮም ለፍየልም መርዝ ነው።

በጨው ውሃ የሚለውስ? በምርምር ቤት ከግማሽ እስከ 1 ከመቶ በሚሆን በተመጠነ ጨው፣ በካልሲየም ክሎራይድ ወይም በፖታሲየም ናይትሬት የተዘፈዘፈ ዘር ጨዋማ አፈር ላይ የተሻለ ሲበቅል ታይቷል። ይህ እውነት ነው። ግን ያ ሚዛን ባለበት፣ በኋላም በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ነው። ቤት ውስጥ በእፍኝ የሚገመት ጨው ዘሩን ከማስለመድ ይልቅ የመግደል ዕድሉ ይበልጣል፤ ደግሞም የጥቅሙን አብላጫ የምታገኚው በንጹሕ ውሃ ብቻ በመዘፍዘፍ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር በጨው አትሞክሪው ነው።

ኖራውን ፈጽሞ አትበትኚ። ኖራ የሚበተነው ዝናብ በሚበዛበት ደጋ፣ አፈሩ ኮምጣጣ ሲሆን ነው፤ በየዜናው የሚነገረውም ስለዚያ ነው። የድሬ አፈር ከኖራ ድንጋይ የመጣ፣ ራሱ ኖራ ያለበት ነው። ተጨማሪ ኖራ ፎስፈረስን፣ ዚንክንና ብረትን ያስርብሻል እንጂ ከጨዉ አንዲት ፍሬ አይቀንስም። የሚምታታው ኖራና ጀሶ ነው። ጀሶ፣ ማለትም ጂፕሰም፣ ሶዲየም ለበዛበት አፈር መድኃኒት ነው፤ ካልሲየሙ ሶዲየሙን ከአፈሩ ላይ ያላቅቀዋል፣ ውሃ ያጥበዋል። ግን ሶዲየም ከሌለብሽ ጀሶውም ብክነት ነው። ይህን ለመለየት ከቅርፊቱ የአተር ፍሬ የሚያህል ደረቅ ጓል አንሺና በጠራ ብርጭቆ የዝናብ ውሃ ውስጥ ቀስ ብለሽ አስቀምጪ፤ ሳትነኪው ግማሽ ቀን ተዪው። የጉድጓድ ውሃ አይሆንም፤ ያለበት ካልሲየም ምልክቱን ይሸፍነዋል። ጓሉ ፈርሶ ውሃው ጥርት እንዳለ ከቀረ ሶዲየም አያሳስብሽም። ጓሉን ወተት የመሰለ ደመና ከከበበው ግን ሶዲየም አለ፤ ያኔ ምን ያህል ጀሶ እንደሚያስፈልግ በላቦራቶሪ ሳይለካ አትግዢ።

የዶሮ ኩስ ራሱ ጨው አለበት፤ ትኩሱ ደግሞ አሞኒያ ያወጣል። ሳይብላላ ችግኝ መደብ ላይ እንዳታደርጊ። በደንብ የበሰበሰ የከብት ፍግ ወይም ኮምፖስት ግን በጣም እፈልግልሻለሁ፤ ቅርፊቱን ያለዝባል፣ ውሃ ወደ ታች እንዲያልፍ ይረዳል።

ወደ በቆሎው ልመለስ። ያልነገርሽኝ ነገር ማዳበሪያውን የት እንዳደረግሽው ነው። ኤንፒኤስና ዩሪያን ከዘሩ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከጨመርሽ ምናልባት ፍለጋችን እዚህ ያበቃል። ማዳበሪያ ጨው ነው። ዩሪያ በተለይ እንደ እናንተ ባለ ኖራማ አፈር ውስጥ ቶሎ ወደ አሞኒያ ይለወጥና የሥሩን ጫፍ ያቃጥላል፤ ያ ቡናማ ክር ያልኩሽ። ኤንፒኤሱን ከዘሩ አራት ጣት ያህል ወደ ጎንና ወደ ታች አርቂው፤ ዩሪያውን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ጨምረሽ አፈር አልብሺው። ቡቃያው ከቅርፊት ሥር ተጣጥፎ ካገኘሽው ደግሞ አሠራሩ ሌላ ነው። አስቀድመሽ አጠጪ፣ አፈሩ ለእጅ ሲመች ዝሪ፣ ላላ ባለ አፈር ሸፍኚ፣ ከዚያ እስኪወጣ ድረስ በጎርፍ አታጥለቅልቂው። ደለል የበዛበት አፈር ጠግቦ በአንድ ቀን ፀሐይ ሲመታው እንደ ሸክላ ይሆናል። በአምስተኛው ስድስተኛው ቀን ላዩ ከጠጠረ በስሱ አረስርሺው። በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ፍሬ አድርጊ፤ አብረው ሲገፉ ቅርፊቱን ያነሡታል፣ ትርፉን በኋላ ትነቅያለሽ።

የአፈርና የውሃ ምርመራው ወጪ ቢመስልሽም አንድ ጊዜ አድርጊው። የደንገጎን ዳገት ወጥተሽ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ወይም የግብርና ባለሙያሽን ወዴት እንደሚላክ ጠይቂ። አፈሩን ስትወስጂ ሁሉን ቀላቅለሽ በአንድ ፌስታል አታድርጊው። ከጉብታው ጫፍ ላይኛውን ሁለት ጣት ለብቻ፣ ከጎኑ ለብቻ፣ ከዚያም ከሥሩ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያለውን ለብቻ። ውሃውን ፓምፑ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ በታጠበ ሃይላንድ ቅጂ። ውጤቱ ሲሰጥሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ የተለካው በጠገበ አፈር ነው ወይስ አንድ እጅ አፈር በአምስት እጅ ውሃ ተበጥብጦ? ሁለተኛው ከሆነ ቁጥሩ በጣም ያነሰ ይመስላል፤ እኔ ከጻፍኩልሽ ቁጥሮች ጋር ለማስተያየት እንደ አፈሩ ዓይነት ከስድስት እስከ አስራ አራት እጥፍ ማባዛት አለበት። 0.5 አይተሽ እፎይ ያልሽበት ወረቀት እውነቱ ከ3 እስከ 7 ሊሆን ይችላል። በዚህ ስህተት ሽንኩርት ተክለው የከሰሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ውሃው ከ1 በታች ከሆነ ሽንኩርትሽን ይዘሽ ቀጥዪ። 2 ከሆነ፣ ጥሩ አድርገሽ ብታጠጪም አፈሩ 3 ገደማ ላይ ይረጋል። በዚያ ላይ የሽንኩርት ምርት ሲሶ ሊጠጋ ይቀንሳል፣ በቆሎ ከመቶ 15 ገደማ፣ ማሽላ ምንም አይቀንስም። ቀይ ሥርም አፈሩ 4 እስኪደርስ ድረስ ይችላል፤ ቀፊራ ገበያ ላይ ገዢ አያጣም። ውሃው ከ2 በላይ ከሆነ ደግሞ ቀስ ብለን ስለ ማሽላና ስለ መኖ ሣር እናወራለን እንጂ በየዓመቱ ውድ የሽንኩርት ዘር እንድትቀብሪ አልፈልግም። ፎሶልያ የሚሉሽ ካሉ እምቢ በዪ፤ አፈሩ 1 ሲያልፍ ምርቱ መውረድ የሚጀምር ነው።

ቆፍረሽ ያገኘሽውን፣ የሦስቱን ሳህኖች ቁጥርና ማዳበሪያውን የት እንዳደረግሽው ጻፊልኝ። የሽንኩርቱን መደብ ማጠብ ግን የእኔን መልስ ሳትጠብቂ ዛሬ ማታ መጀመር ትችያለሽ።